የሐምሌ ፀሐይ ስንት ያወጣል?

ክረምቱ ሲጠና ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያበቃበት ቀን ይመጣል። ቀጥሎም እንደዚያው ያለ ሌላ ቀን ይከተላል። ጣራ ላይ የተሰቀለው ሶላር በዝናቡ ታጥቦ ጠርቷል፤ ከሥሩ ያለው ባትሪ ግን ገና ምሽት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲጥ ሲጥ ብሎ ይጠፋል። «ሶላር የሚባለው ነገር አይሠራም» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እንዲህ ባለ ምሽት ነው። ያንኑ ቤት ጥር ላይ ብንጎበኝ የምንሰማው ሌላ ነው። ባትሪው ከቀትር በፊት ሞልቶ፣ የሚተርፈው ኃይል መግቢያ አጥቶ፣ ባለቤቱ ጎረቤቱን «አስገባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ» ሲል እናገኘዋለን።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስሕተቱ እያንዳንዳቸው አንድ ወር አይተው ስለ ዓመቱ መፍረዳቸው ነው። በሀገር ደረጃ የሚደረገው ክርክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ፀሐይ ይዘን በጨለማ መቀመጣችን ያሳፍራል» ይላል። ሌላው «እንዲህ ያለ ወንዝ ያለው ሕዝብ ስለ ሶላር ምን አስጨነቀው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ሁለቱን መመዘን የምፈልገው በዓመቱ አማካይ ሳይሆን በየወሩ ነው፤ ሰው መብራት የሚፈልገው በየቀኑ እንጂ በአማካይ አይደለምና።

ስለ ኢትዮጵያ ፀሐይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር በቀን በአንድ ካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል፣ ምንም ሳይባክን ቢያዝ፣ ባለ አንድ ኪሎ ዋት ምድጃን አምስት ሰዓት ከሩብ ያህል ያሠራል ማለት ነው። ይህ አማካይ የቦታንና የወቅትን ልዩነት ይሸፍናል። በጋምቤላ ኢታንግ አካባቢ የዓመቱ አማካይ 4.25 ሲሆን፣ አዲግራት አካባቢ 6.25 ይደርሳል። በወቅት ስናየው ደግሞ የሀገሪቱ አማካይ ሐምሌ ላይ ወደ 4.55 ይወርድና የካቲትና መጋቢት ላይ ወደ 5.55 ይወጣል።

ለሶላር የሚከራከሩት ይህን ቁጥር ሲያዩ ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ከየካቲት ወደ ሐምሌ ሲወረድ የሚቀነሰው ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነው። ከአውሮፓ ሀገሮች ሁሉ ብዙ ሶላር የተከለችው ጀርመን ምን እንደምታገኝ እንይ። በርሊን ላይ በሰኔ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከአምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ከፍ ያለ ይገኛል፤ በታኅሣሥ ግን ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የእኛ የከፋው ወር ከእነሱ ምርጥ ወር ብዙ አያንስም። የእነሱ ክፉ ወር ደግሞ ከደጉ ወራቸው አንድ አሥረኛውን ብቻ ይሰጣል። በዚህ ሚዛን ኢትዮጵያ የታደለች ናት።

ይሁን እንጂ የበርሊኑ ሶላር ብቻውን አልቆመም። ታኅሣሥ ላይ የጎደለውን የሚሞላለት የነፋስ ኃይል፣ የጋዝና የከሰል ጣቢያ፣ ከጎረቤት ሀገሮችም የሚመጣ መስመር አለ። ከመስመር የራቀ የኢትዮጵያ ገጠር ቤት ውስጥ ያለው ሶላር ግን ሐምሌ ሲጎድልበት የሚበደርበት የለውም። ስለዚህ የ18 በመቶ ጉድለት ለአንዱ ቀላል የሒሳብ ጉዳይ ሲሆን ለሌላው ጨለማ ሊሆን ይችላል።

በዚያ ላይ ይህ 18 በመቶ የመላ ሀገሪቱ አማካይ መሆኑን መርሳት የለብንም። በአንድ ላይ የተደመሩት በሐምሌ ሰማያቸው ጥቁር የሚሆነው የመካከለኛውና የምዕራቡ ደጋ፣ እንዲሁም ዝናባቸው በሌላ ጊዜ የሚመጣው ቦረናና ሶማሌ ናቸው። የቦረና ትልቁ ዝናብ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ነው፤ በልግና ክረምት እዚያ ሌላ መልክ አላቸው። ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለጅማ ነዋሪ የሐምሌና የነሐሴ ጉድለት ከሀገሪቱ አማካይ ይብሳል።

የወሩ አማካይ ራሱም ቀኖቹን ይደብቃል፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በክረምት አንድ ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ ሶላሩ የቀኑን አብዛኛውን ሥራ በጠዋቱ ጨርሷልና ብዙ ጉዳት የለውም። ሰማዩ እንደ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚውልበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን የሚገኘው ከጥርት ቀን ሩብ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ የሚመጣው ቁጥር መልካም ይመስላል። ባትሪው ግን ደመናው ለሦስት ቀን ሲደራረብ ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ ይሄዳል።

አብዛኛው ሰው በርካሽ የሚገዛው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ መቀመጥን አይችልም። ሳይሞላ ለቀናት ሲቆይ ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ላይ ጠጣር ነገር ይጋገራል፤ የተጋገረው ደግሞ በኋላ ፀሐይ ቢበዛም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሐምሌ ላይ የተጎዳው ባትሪ በጥቅምት ሲሠራ ይታያል፣ አቅሙ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። በሁለተኛው ክረምት ሊሞት ይችላል። ባለቤቱም «ባትሪው አላወጣኝም» ይላል እንጂ ሲገዛ የክረምቱ ቀናት እንዳልተቆጠሩለት አያውቅም። የሊቲየም ባትሪ ይህን ችግር በእጅጉ ይችላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ ያላት ሀገር ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ለእንግዳ ነበር የተናገሩት፤ ለእንግዳ ደግሞ ከዝናብ መካከል ብልጭ የምትል የሐምሌ ፀሐይ ይበቃዋል። ሶላር ሻጩ ያንኑ ቃል ሲወስደው ግን ውል ይሆናል። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሻጩ ለአንዲት እናት «እማማ፣ ይሄ እኮ ክረምት ከበጋ አይልም!» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም ዕቃውን ገልበጥ አድርገው አይተው «ልጄ፣ የኛን አገር ነሐሴ አይተኸዋል?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ጥያቄያቸው ግን ማንኛውም ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

ከደመናው ሌላ በእጃችን ያለ ነገርም አለ፤ እሱም ሶላሩ የሚሰቀልበት አቅጣጫና ዝንባሌ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 6 አካባቢና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት በቀትር የምትገኘው ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ክረምቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚገባው በዚህ ውስጥ ነው። ለአውሮፓ ጣራ የተጻፈውን መመሪያ ተከትሎ ሶላሩን 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያቆመ ሰው፣ ደካማዋን የክረምት ፀሐይ በሰያፍ ይቀበላታል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰኔ 14 ቀን በቀትር፣ 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሶላር ከቀጥተኛው ጨረር የሚይዘው ከመቶ 71 ያህሉን ነው። 10 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል 91 ይይዛል። ታኅሣሥ 12 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ 30 ዲግሪው ከሞላ ጎደል ሙሉውን ሲያገኝ ባለ 10 ዲግሪው 92 ያገኛል። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ተርፎናል፤ 8 መክሰር አይጎዳም። ሰኔ ላይ 20 ማትረፍ ግን የአንድ ቤት ምሽት ነው። ለእኛ ሰማይ ዝቅ ያለው ይሻላል፣ ውሃና አቧራ እንዳይተኛበት ያህል ብቻ ተነሥቶ። የቀኑ ርዝመት ብዙም አያሳስበን፤ በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

የጥላ ነገር ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ይጎዳል። በአንድ ሶላር ውስጥ ያሉት ሴሎች እርስ በርስ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ የሮቶ ወይም የዲሽ ጥላ ጥቂቶቹን ሲሸፍን የቀሩትም አብረው ይደክማሉ። በየሰፈሩ በጎን የሚነሣ ፎቅ የጎረቤቱን ሶላር ግማሽ ቀን ሲያስተኛው ማየት እየተለመደ መጥቷል።

ሙቀትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሶላር ላይ የተጻፈው አቅም ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የሚሰጠው ነው። ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.35 እስከ 0.4 ያህል ይቀንሳል። አፋር ውስጥ በቀትር ሴሉ 65 ዲግሪ ቢደርስ ከመቶ 15 ያህል በሙቀት ብቻ ጠፋ ማለት ነው። ደጋው በዚህ በኩል ይካሳል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናቡ ሶላሩን ያጥበዋል። ደመናው ለአፍታ ሲገለጥ የቀዘቀዘውና የታጠበው ሶላር ከተጻፈበት አቅም በላይ የሚሰጥበት ቅጽበት አለ። በበጋ ደግሞ በተቃራኒው፣ ፀሐዩ ሞልቶ ሳለ የመንገዱና የግንባታው አቧራ መስታወቱ ላይ ተኝቶ ይቀንሰዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ መጥረግ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በፀሐይ ኃይል ካርታ ላይ ቀይ የሆነው ቦታ ሁሉ የተሻለ፣ ሰማያዊው ሁሉ የከፋ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ወደ ትልቁ ክርክር እንምጣ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። የውሃው ወገን የያዘው ክርክር ጠንካራ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ያመጡትን ውሃ ይዞ በጋውን ሙሉ፣ ካስፈለገም ለክፉ ዓመት ማቆየት ይቻላል። ምሽት ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ተርባይኑ ይታዘዛል። ፀሐይ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ገብታለች። ከዚህም ሌላ ግድቡ አንዴ ከቆመ በኋላ ውሃው በዶላር አይገዛም፤ ሶላሩም፣ ኢንቨርተሩም፣ ባትሪውም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄዷል። ያን ጊዜ ሶላር ሊያስገባ የነበረ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያስታውሳል።

የፀሐዩ ወገን ግን ፈረቃን አልረሳም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በቀን ፈረቃ ሲሰጥ የነበረውን በከተማ የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መኖሩ ተነግሮ እንደገና ፈረቃ ተጀመረ። ወሩን ልብ እንበል። ግንቦት በጋው አልቆ ክረምቱ ገና ያልደረሰበት፣ የግድቦች ውሃ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ያን ውሃ ሲያሟጥጡ በነበሩት ወራት ሁሉ ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይዋ ከአናታችን ላይ አልጠፋችም። ቀን ቀን ሶላር ቢሠራ ኖሮ ያው ውሃ ለምሽትና ለግንቦት በቆየ ነበር። ሐምሌ ላይ ሶላሩ ሲደክም ደግሞ ወንዙ ይሞላል። በዚህ በኩል ካየነው ሁለቱ የሚፈራረቁ ጎረቤታሞች እንጂ ባላንጣዎች አይደሉም። ለባትሪ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ሀገሮች በግድብ ውስጥ ያለንን ባትሪ ቢያዩ ይመኙት ነበር።

ይህ ክርክር ያሳምነኛል፣ ሆኖም ከህዳሴ በኋላ ጉልበቱ ቀንሷል ብሎ መቀበል ግድ ነው። ከዓመት ዓመት ውሃ የሚያሻግር ሐይቅ ያለው ሀገር፣ የዚያን ዓመት ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ ሀገር የሚያስፈልገውን ያህል የፀሐይ ዋስትና አያስፈልገውም። ቢሆንም ብዙው ኃይል በአንድ ወንዝ ላይ መሰብሰቡ ራሱ ስጋት ነው፤ የድርቅ ዓመታት ሲከታተሉ ትልቁም ሐይቅ ይጎድላል። መጠነኛ የሆነ ሶላር፣ በተለይ ከክረምቱ ደመና ውጭ ባለው በምሥራቁ ቆላ፣ እንደ ዋስትና ይጠቅማል ባይ ነኝ። ከግድቡ እኩል ይሁን ግን አልልም።

በዋጋ ረገድ ፀሐዩ ያሸነፈበት ጊዜም ነበር። በ2012 ዓ.ም. መባቻ በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ ለሚተከሉ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ለሚያመነጩ ጣቢያዎች የቀረበው አሸናፊ ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. ለመተሐራ የ100 ሜጋ ዋት ጨረታ አሸናፊ ተለይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ፕሮጀክቶቹ ከወረቀት ወደ መሬት አልወረዱም። ፀሐይ አልጎደለችም። በብር የሚሰበሰብ ገቢ ወደ ዶላር ተለውጦ ለአበዳሪ እንዴት ይመለሳል የሚለው ጥያቄ እንዲህ ባሉ ውሎች ሁሉ ላይ የተጋረጠ ነው፤ የመሬቱም ነገር አለ። አንድ ሜጋ ዋት ሶላር ሁለት ሄክታር ያህል መሬት ይፈልጋል። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው የአፋርና የሶማሌ ሜዳ ደግሞ የግመልና የፍየል ግጦሽ ነው። ይህን ያልቆጠረ ርካሽ ዋጋ ሙሉ ዋጋ አይደለም።

የከተማው ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለው፦ «ግድቡ ሞልቶ ለምን ሰፈሬ ይጠፋል?» መልሱ ብዙ ጊዜ የማመንጨት ጉዳይ አይደለም። የተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መስመር ነው። ዲቼቶ ላይ ሶላር ቢተከል ይህ አይድንም። ሌላ ግድብ ቢሠራም አይድንም። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ስለ ምንጩ ሲከራከሩ ቧንቧውን ይረሱታል።

የራስ ጣራ ላይ ያለ ሶላር ግን ቧንቧውን ይዘለዋል። እስኪ እናስላው። ባለ አንድ ኪሎ ዋት ሶላር፣ አምስት ካሬ ሜትር ያህል ጣራ የሚይዝ፣ በሀገሪቱ የሐምሌ አማካይ ብክነቱ ተቀንሶ በቀን 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በደጋው ትንሽ ዝቅ እናድርገው፣ 3 ይሁን። አራት የኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክና የኮምፒውተር ቻርጅ፣ አነስተኛ ፍሪጅ ተደምረው ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በመካከለኛ የክረምት ቀን ይበቃል፤ በበጋ ይተርፋል፤ ጨለማ ቀን ሲደራረብ ፍሪጁን ማጥፋት ይመጣል።

አሁን ምጣዱን እናምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ከማሞቁ ጋር ሁለት ሰዓት ቢጋገር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይኸውም ከሁለት የሐምሌ ቀን ምርት በላይ። ያን ያህል የሚይዝ ባትሪና የሚሸከም ኢንቨርተር ዋጋው ከሶላሩ ይበልጣል። እንጀራ የሚበላ ቤት በሶላር ብቻ ይኖራል ብሎ የሚያማልል ሰው ይህን ሒሳብ አልሠራውም። ለምጣዱ መስመሩ ያስፈልጋል፤ ለመብራቱና ለስልኩ ሶላሩ ይበቃል። የከተማ ቤት ሁለቱንም ቢይዝ አያፈርም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖረው ይህም ቀላል አይደለም። ጣራው የጋራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ቀድሞ ቢይዘው የምድር ቤቱ ነዋሪ መብት የት ይገባል? በብዙ ብሎክ የውሃ ሮቶ ማስቀመጫ ላይ እንኳን መስማማት ከባድ ነው። በጣራው ሁሉ ላይ ሶላር በጋራ አስገብቶ ለደረጃው መብራትና ለውሃ መሳቢያው ማዋል መልካም ጅምር ይመስለኛል፤ የውሃ መሳቢያ በቀን ሊሠራ ይችላልና ባትሪ አያስፈልገውም።

ከመስመር ርቆ ያለው ገጠር ግን ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ሕዝብ ሊያዳርስ አስቦ፣ ከመቶ 35ቱን ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ በተለይም በሶላር፣ ለመድረስ አቅዶ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በ1985 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ኢትዮጵያ 300 ያህል የገጠር ቤቶችን የሚያበራ 10.5 ኪሎ ዋት የሶላር ጣቢያ ተተክሎ፣ በኋላም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጎ ነበር። ላምባ በኩራዝ ሲያነድ ለኖረ ቤት ትንሿ ሶላር የምታመጣው ለውጥ ከማንኛውም ግድብ ይፈጥናል። ልጁ ያጠናል፣ ጭሱ ይቀራል፣ ስልክ ለማስሞላት የገበያ ቀን አይጠበቅም። በነሐሴ መብራቱ ከአራት ሰዓት ወደ ሁለት ቢወርድም ከኩራዝ ይሻላል። ለእንዲህ ያለው ቤት «መስመሩ እስኪመጣ ጠብቅ» ማለት ፍትሕ አይመስለኝም፤ «ሶላር ተሰጥቶሃልና መስመር አያስፈልግህም» ማለት ደግሞ ይብሳል።

የጤና ኬላ ፍሪጅ ግን በነሐሴ «ከምንም ይሻላል» ተብሎ አይታለፍም። ክትባት ሞቅ ቢል ይበላሻል። ለዚህ የተሠሩት ፍሪጆች ፀሐይን በባትሪ ከማስቀመጥ ይልቅ በበረዶ ያስቀምጣሉ። ጥርት ባለ ሰዓት ውሃውን አቀዝቅዘው ያጋግራሉ፣ ፀሐይ ባልወጣበት ቀን በረዶው ክትባቱን ይጠብቃል፤ ቢያንስ ለሦስት ቀን እንዲችሉ ይጠየቃሉ። የሚሞት ባትሪ የላቸውም። ስለ ክረምት አስቀድሞ የታሰበበት ዕቃ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በወቅቱ ከሁሉ የሚገጥመው ሥራ ደግሞ የመስኖ ፓምፕ ነው። ገበሬው ውሃ መሳብ የሚያስፈልገው ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ፀሐይ ሙሉ በሆነችበት ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ፓምፑ ቢያርፍ ማንም አይከፋም። ቀን የተሳበው ውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ባትሪ አይጠይቅም። በመቂና በባቱ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ለናፍጣ የሚያወጣውን ያውቃል፤ ናፍጣ ሲጠፋ ማሳው ላይ የሚደርሰውንም ያውቃል። ለሶላር በኢትዮጵያ ከሚነሡት መከራከሪያዎች ሁሉ እኔን ያለ ማመንታት የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ያም ሆኖ ሌላው ወገን እዚህም የሚለው አለው፣ መስማትም ይገባል። ናፍጣ ውድ መሆኑ ገበሬውን ይይዘው ነበር፤ የሚያስፈልገውን ያህል ስቦ ያጠፋዋል። ለፀሐይ ግን አይከፈልም። ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ የሚከለክለው ዋጋ የለም፤ ጉድጓዱም የአካባቢው ሐይቅም በየዓመቱ ዝቅ ቢል የሚያውቀው የመጨረሻው ገበሬ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት የጉድጓዱ ልክ ይለካ፣ የመንደሩ ውሃ ተጠቃሚዎችም ስንት እንደሚሳብ ይስማሙ የሚሉት ወገኖች ሶላርን የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ለቤቱ ሶላር ሊያስገባ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከሀገሪቱ አማካይ ይልቅ የሚጠቅመው ሐምሌን የያዘ ደብተር ነው። ጎረቤት ቤት ሶላር ካለ ማታ ማታ ኢንቨርተሩ ላይ የሚታየውን የቀኑን ምርት ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 መጻፍ ነው። ከስልሳው ቀን በጣም ዝቅ ያሉት ሦስት ተከታታይ ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ ይታይ። ሦስቱ ቀን ተደምረው ያመረቱት ቤቱ በሦስት ቀን ከሚፈልገው ስንት ጎደለ? ባትሪው ቢያንስ መሸከም ያለበት ያን ጉድለት ነው፤ ያውም ከግማሹ በላይ እንዳይጎድል ቢታሰብ የዚያን እጥፍ። ሱቅ የሚኬደው ያንን ቁጥር ይዞ ነው፤ ሻጩ «ክረምት ከበጋ አይልም» ካለ ደብተሩን አውጥቶ ማሳየት ነው።